አባቱ የመሰከረበት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ የባለቤቴ አባት፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲያ ስለሆነ ነው።

የላኩት ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። አዎ፣ እውነት ነው። ካምፑ በር ላይ ቆሜ ጮኼአለሁ፤ የወታደር ሚስት እንዲህ አታደርግም የሚሉትንም አድርጌአለሁ። የሚገርመኝ የነገረዎት ሰው ነው። ልጅዎ የት እንዳለ የሚነግርዎ ጠፍቶ፣ ምራትዎ ምን ብላ እንደተሳደበች የሚነግርዎ አልጠፋም።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርዎና ይፍረዱ። ሰማይ ላይ ስለታየው ብርሃን የሚያጣራ ወታደራዊ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ በዚያች ሌሊት ራዳር ላይ ተረኛ የነበረው ባልሽ ነውና ለሁለት ቀን ይጠየቃል ብለው ወሰዱት። እሺ አልኩ። ሁለቱ ቀን ወር አለፈው። ንጹህ ልብስ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። በረኛው አስር አለቃ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለኝ፤ ፌስታሉን ግን ተቀበለኝ። በሳምንቱ ስመለስ የቆሸሸ ልብስ ሰጠኝና ደግሞ «የለም» አለኝ። ሸሚዙን አሸተትኩት። የእሱ ነው። አባባ፣ የሌለ ሰው ልብስ ያቆሽሻል? እኔ ጮኼ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፤ ሌላ የጨመርኩት ስድብ ትንሽ ነው።

ስለ ሰውነቴ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እግሬ ስለሚያብጥ የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል አለቃዬ ከስፌት መኪናው አንስታ አንሶላ ማጠፍ ላይ አድርጋኛለች።

ኮሚቴውን የሚመራው ኮሎኔል የእርስዎ ሰው ነው ይላሉ። እውነት ከሆነ አንድ ቃል ይናገሩልን።

ምራትዎ


ጥቅምት 17

ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሰፈሩን የውሃ ፓምፕ ስፈታ ስገጥም ነው የምውለው። ወገቤን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ኮሎኔሉን አውቀዋለሁ። መኪና መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ገና ምክትል መቶ አለቃ ሳለ አጥንቱ ይቆጠር ስለነበር ቀጭኑ እንለው ነበር። ግን ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገለግል ለራሴ ጉዳይ የማንንም ቢሮ አንኳኩቼ አላውቅም። በጡረታዬ አልጀምረውም። ሠራዊት የራሱ አሠራር አለው። ያልሰረቀ፣ ያልገደለ ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ይጠይቁታል፣ ይመልሳል፣ ይለቁታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። በር ላይ እየሄድሽ የምታነሺው አቧራ ተመልሶ እሱው ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ከመወሰዱ በፊት ምን አየሁ ብሎሽ ነበር? ስትጽፊልኝ ፖስታ ቤት አትስጪ፤ በአውቶቡሱ ሹፌር ላኪው። እንቅልፍሽን ተኚ።

አባትሽ


ጥቅምት 24

አባባ፣

ሹፌሩን አግኝቼዋለሁ፤ እንቅልፉን ግን አላገኘሁትም።

ያየውን ልንገርዎ። ጠዋት ከተረኝነት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ሌሊት ለአየር ሊወጣ የራዳር ክፍሉን በር ሲከፍት ከጥይት መጋዘኑ በላይ ነጭ ብርሃን ቆሞ አየ። ድምፅ የለውም፣ አይንቀሳቀስም። ራዳሩ ላይ ምንም የለም። አብሮት የሚያድረውን ባልደረባውን ጠራው፤ እሱም አየ። ከዚያ አዛዡ ጋ ደወለ። አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። ብርሃኑ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ ሲደውል ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። አንድ ቃል አልጨመረበትም። ተረት የሚፈጥር ሰው እንዲህ አጭር አያወራም።

አዛዡ በዚያ ሰዓት ከተማ ውስጥ የዘመዱ ድግስ ላይ ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ነበረ ከተባለ፣ ጥይት መጋዘን ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር ሲቆም ስልኩን ያላነሳው ማነው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ብርሃን አልነበረም ከተባለ ግን ለሁሉም ሰላም ነው። የሚጎዳው ልጅዎ ብቻ ነው።

ባልደረባው ሰሞኑን መጥቶ ነበር። ግባ ብለው በር ላይ ቀረ።

«ቃሉን ይቀይር በይው» አለኝ።

«እንዳላገኘው ተከልክዬ በምን ልበለው? አንተስ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ» አለኝና ሄደ። አልሰደብኩትም። ምን ብዬ ልስደበው?

ትዕግሥት አስተምረውኛል። ለራስዎ ጉዳይ ቢሮ አንኳኩተው እንደማያውቁም ነግረውኛል። ይህ የራስዎ ጉዳይ አይደለም፤ የልጅዎ ነው። ክብርዎ ከልጅዎ የሚበልጥብዎ ከሆነ ይጻፉልኝና ቁርጤን ልወቅ።

ምራትዎ


ኅዳር 6

ለልጄ፣

ቃልሽ ከብዶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤው ሄድኩ።

ቀጭኑ ወፍሯል፤ ወንበሩ አይችለውም። በክብር ተቀበለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ የድሮውን አነሳሳልኝ። ልጃችን በቅርቡ ቤቱ ይገባል። ምን ተባባላችሁ አትበይኝ። ሲመጣ ቀስ ብለሽ ያዢው፤ በጥያቄ አታድክሚው። ከገባ በኋላ የሚወራ ነገር ከሰማሽ ወሬ ነው። ወሬ ያልፋል።

የፓምፑ ጎማ ተበጥሶ ሰፈሩ ውሃ አጥቷልና ደብዳቤዬን ስላሳጠርኩ ይቅርታ።

አባትሽ


ኅዳር 21

አባባ፣

ገብቷል። እግዜር ይስጥልን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ አልጻፈው አለኝ።

ሱሪው ሰፍቶት በአንድ እጁ ይዞት ነው የገባው። ሆዴን አየ፣ እኔን አየ፣ ውሃ ጠየቀኝ። ደግሜ ቀዳሁለት። ከዚያ ተኛ።

ከሠራዊቱ ተሰናብቷል። ምክንያቱ «ከልጅነቱ ጀምሮ የቆየ የአእምሮ ሕመም» ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ። ኮሚቴው ውስጥ ልጅነቱን የሚያውቅ ማን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እሱን ጠይቂው» አለኝ። አባቴን አላለም።

ይኸው ጠየቅኩ። ሻዩን እየጠጡ ምን አሏቸው?

ምራትዎ


ኅዳር 29

ለልጄ ሚስት፣

እንደ መርማሪ አትጠይቂኝ። መርማሪ በቅቶኛል። ግን መልስ ሳልሰጥ ብቀር ፈሪ ነው ትይኛለሽና ስሚ።

ቀጭኑ በሩን ዘጋና እንዲህ አለኝ፦ «ልጅህ ግትር ነው። አሁን ሁለት መንገድ አለው። በሐሰት ወሬ ሠራዊቱን አሸበረ ተብሎ ተከሶ ዓመታት ይታሰራል፤ ወይ ታሟል ይባልና ቤቱ ይገባል። ግን በሽታው ድንገት መጣ ካልን ሐኪሞቹ አይቀበሉንም። ድሮም ነበረበት የሚል ሰው ከቤተሰቡ ያስፈልገኛል።» አንተ ነው የሚለኝ፤ መሪ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። በልጅነቱ ጣሪያ ላይ እየወጣ የሌለ ነገር አያለሁ ይል ነበር አልኳቸው። ጠየቁኝ፤ ጨመርኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ራሱ ነው የሚሄደው። እናቱ ስታለቅስለት ነው የኖረችው አልኩ። አፈር ይቅለላትና እሷም ላይ ዋሸሁ።

እስር ቤት ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም። እኔ በር ጠብቄበታለሁ። ማን ምን ሆኖ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይቻለሁ። ልጄ እዚያ ከሚገባ እብድ ይባል አልኩ። ዛሬም ቢመጡ ደግሜ እለዋለሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አይታየኝም። ቤቱ ነው፣ በሕይወት አለ፣ ከአንቺ ጋር ነው። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሥራ አገኘ ወይ? ወሬውስ በረደ? ያንቺስ ነገር እንዴት ሆነ? ወርሽ ደርሷል መሰለኝ።

አባትሽ


ጥር 4

አባባ፣

ወሬው በረደ ወይ ብለው ነበር። እንዴት እንደበረደ ላሳይዎ።

ልጅዎ የራዳር ሰው ነው። ራዲዮ ጠጋኞች ጋ ሄደ፤ መብራት ኃይል ሄደ። ስንብቱን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ የታመመ ሰው ኤሌክትሪክ አናስነካም ይሉታል። እኔ ደጅ ጠንቼ ሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ አስገባሁት። ደም የነካ አንሶላ በርሜል ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ ይጨምቃል። ስም አውጥተውለታል፤ ኮከቡ ይሉታል። ጠዋት ሲገባ «ኮከቡ፣ ትናንት ማታ ስንት አየህ?» ነው ሰላምታቸው። እሱ ጎንበስ ብሎ በርሜሉን ይሞላል። ቀድሞ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ያውቁታል።

ወልጃለሁ። ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ሴት ናት። የዘገየብኝ እንዳይመስልዎ፣ ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩልዎ። ስሟንም አልነግርዎትም። አከራያችን በቀደም ለብቻዬ ጠርታ «ሕፃኗን ከሱ ጋር ብቻዋን አትተያት» አለችኝ። ከገዛ አባቷ ጋር። ክፉ ሴት ብትሆን ባልከፋኝ፤ በደግነት ነው ያለችው፣ እጄን ይዛ።

ይህም ይቻላል። የማልችለውን ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ ልጅቷን አስተኝተን ልብስ ስናጥፍ፣ እጁ ላይ ያለውን ይዞ ቆመና «ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«በልጅነቴ ነዋ። ሰው የልጅነቱን ሁሉ አያስታውስም። እሱ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እሱ ካለ የሆነ ነገር ነበረብኝ ይሆናል።»

ይሰማሉ? ያ ሁሉ መርማሪ ተፈራርቆ እየጮኸበት ቃሉን ያልለወጠ ሰው ነው። እርስዎ አንድ ቀን ሄደው ባሉት ነገር የገዛ ዓይኑን ተጠራጠረ። እነሱ ያቃታቸውን እርስዎ ጨረሱላቸው። በሕይወት አለ ይላሉ። መጥተው ይዩትና ምኑ እንዳለ ይንገሩኝ።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።


ጥር 12

ለልጄ፣

ሚስትህ አትጻፍልኝ ብላኛለች። ይህ ለእሷ አይደለም።

ውሸት ነው። በልጅነትህ የሌለ ነገር አይተህ አታውቅም። ጣሪያ ላይ ወጥተህ አታውቅም፤ መሰላል ስይዝልህ እንኳ ሁለተኛው መርገጫ ላይ ቆመህ ታለቅስ ነበር። ሌሊት እንደ ግንድ ነበር የምትተኛው። እናትህ ትንፋሽህ አለ ወይ ብላ እየተነሳች ታዳምጥህ ነበር። ታመህ የተኛኸው አንዴ ነው፤ እሱም ኩፍኝ ነው።

ያየኸውን አይተሃል።

አባትህ


መጋቢት 20

አባባ፣

አይጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ ስለ ብርሃኑ ሰማችሁ ወይ ብለው ጻፉ። እኔም አልመልስም ብዬ ነበር፤ ይኸው። ለልጅዎ የላኩትም ደርሷል። አንብቦ ኪሱ ከተተው እንጂ ምንም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በልጅነቴ ምናምን አላለም።

አዎ፣ በራዲዮ ሰምተናል። ብርሃኑ ዋናው ከተማ ላይ፣ ያውም የሹማምንቱ ሰፈር ላይ ወጥቶ ሕዝብ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ አየው። እርስዎ ተኝቼ አመለጠኝ ማለትዎ ትንሽ አሳቀኝ፤ እንዲያስቀኝ አልፈለግኩም ነበር። እነሱ ጣሪያ ላይ ሲሆን ብርሃን ሆነ፤ የኛ ሰው ሲያየው በሽታ ነበር። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሁን ኮከቡ የሚል የለም። ዝም ብለው ነው የሚያዩት። ዝምታቸውም ከስድቡ አይሻልም።

ትናንት መኮንኖች በመኪና መጡ። ከላይ የተላከ አዲስ ኮሚቴ ነው አሉ። አንድ ሻለቃ ኮፍያውን አውልቆ በእንፋሎቱ መሃል ገባ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከማንም በፊት ያየኸው አንተ ነህ። ቃልህን እንፈልጋለን» አለው በትሕትና።

ባሌ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። «እኔ እብድ ነኝ» አለው።

«እሱ ስህተት ነበር፤ ይታያል።»

«ስህተት አይደለም። ሠራዊቱ ራሱ መስክሮልኛል። እብድ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ሕጉን አታውቀውም?»

ሻለቃው ደም መሰለ። ቀስ ብሎ «እርግጥ የአባትህ ቃል እስካልተነሳ ድረስ እኛም ብንሆን ያንተን ለመቀበል ይቸግረናል። መላ እንፈልግለታለን» አለ።

«ፈልጉለታ» አለውና ወደ በርሜሉ ዞረ።

እኔ የታጠፈ አንሶላ ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልኩራ ወይስ ላልቅስ አልታወቀኝም። ማታ ቤት ስንገባ አንድ ሳህን አነሳና ግድግዳው ላይ ሰባበረው። ከተመለሰ ወዲህ ሲቆጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ስብርባሪውን እየጠረግኩ ደስ ብሎኛል።

ይህንን የምጽፈው አንድ ነገር ያድርጉ ብዬ አይደለም። ማድረግዎን አይተነዋል። እባክዎ ምንም አያድርጉ።

ምራትዎ


ሚያዝያ 8

ለልጄ፣

አልታዘዝኩሽም።

አዲሱ ኮሚቴ ጋ ሄድኩ። ቀጠሮ የለህም ብለው ከበር መለሱኝ። በማግስቱም መለሱኝ። በሦስተኛው ቀን የፓምፕ ዘይት የነካው ካፖርቴን እንደለበስኩ በራቸው ላይ ቆሜ ጮኽኩ። እንዴት እንደምጮኽ አላውቅም ነበር፤ ጉሮሮዬ እስካሁን ያመኛል። ያኔ አስገቡኝ።

ሰብሳቢው ጄኔራል መሃል ተቀምጧል። ቀጭኑም አለ፤ አዲሱም ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውታል። የምናገረውን በልቤ አጥንቼ ሄጄ ነበር፤ እሱን ሳይ ጠፋብኝ።

«በልጄ ላይ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው» አልኳቸው።

ጄኔራሉ «ለምን ዋሹ ታዲያ?» አለኝ።

«ልጄን እንዳታስሩት። እናንተስ ለምን አመናችሁኝ?»

አንዱ ጸሐፊ መጻፉን አቆመና ወደ ጄኔራሉ አየ።

«በሐሰት መመስከር እንደሚያስከስስ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ክሰሱኝ። ስትከሱኝ ግን በል ብሎ ያስጠናኝንም ጨምሩበት» ብዬ ቀጭኑን ከነማዕረጉ ጠራሁት።

እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሽማግሌው ተምታቶባቸዋል። ዕድሜ ነው» አለ። ሰው ፊት ሲሆን አንቱ አለኝ፤ ተመልከቺ። ጎኑ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን የምታመመው እኔ ልሆን ነው ማለት ነው።

«የኔን እብደት ማን ይመሰክርልሃል?» አልኩት። «አባቴ ሞቷል።»

ጄኔራሉ አስወጡት አለ። እኔን ነው፣ እሱን አይደለም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት መኮንን ክስ ይመጣብዎታል፣ ከቤትዎ አይራቁ አለኝ። ብርሃኑ ምንድን ነው ታዲያ፣ ደረሳችሁበት ወይ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። አላውቅም ለማለት እንኳ ፈቃድ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ነው ልጄን የሰጠኋቸው። ወጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ልጃችንን ወደ ሥራው ይመልሱት አይመልሱት እንደሆነ አልነገሩኝም። ምንም ይዤልሽ አልመጣሁም።

ይቅርታ የምጠይቅበት አይታየኝም ብዬሽ ነበር። አሁን ይታየኛል። ግን በሹፌር የሚላክ ነገር አይደለም። ክሱ ከመድረሱ በፊት መጥቼ ደጃችሁ ላይ ብቆም ታስገቡኛላችሁ?

አባትሽ


ሚያዝያ 15

አባባ፣

የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አባቴ ሞቷል ያሉት ላይ ስደርስ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው በሳቁ ተናደደ። «ያኔ የት ነበር ይሄ ሁሉ? ያኔ ለምን አልጮኸም?» እያለ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ሲመላለስ አመሸ። ልጅቷ ነቃች፤ አቅፏት እየዞረም ይቆጣል። ከዚያ ተቀመጠና እዚያ ምን እንዳደረጉት ነገረኝ። እስከዚያች ቀን አንድም ቃል ተንፍሶ አያውቅም ነበር። እኔ አልጽፍልዎትም። እሱ ይንገርዎ።

ከሠራዊቱ የመጣ ነገር የለም። ሻለቃውም አልተመለሰም። ያ ስልኩን ያላነሳው አዛዥ ስሙ ትናንት በራዲዮ ተጠራ፤ ተሹሟል። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አብረን ነው የሰማነው። ባሌ የጨመቀውን አንሶላ መልሶ ውሃ ውስጥ ከተተውና ሲያሽ ዋለ።

ልምጣ ላሉት፣ አይምጡ። ከቤትዎ አይራቁ ተብለው የለ። እሱ ይመጣል፤ እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ብቻውን። እኔና ልጅቷ አንመጣም። እኔ ገና ነኝ፤ መቼ እንደሚበርድልኝም አላውቅም።

እንዳይሳሳቱ፣ የሚመጣው ሊታረቅዎት አይደለም፤ ሊቆጣዎት ነው። ይህን ሁሉ ቀን የሚለውን ሲያዘጋጅ ነው የከረመው፤ አንሶላ ሲያሰጣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። እባክዎ ስለ እስር ቤቱ አያስረዱት። ምክንያት አይደርድሩለት። አያልቅሱበት፤ ካለቀሱ ይራራልዎትና ነገሩ ሆዱ ውስጥ ይቀርበታል። ምግብ ቢያቀርቡለት እምቢ ይላል፤ አይክፋዎት። ቁጭ ብለው እስኪጨርስ ድረስ ይስሙት።

ቶሎ አይጨርስም። የመመለሻው አውቶቡስ እንደሚያመልጠው አላሰበበትም። እኔ አስቤበታለሁ። የሌሊት ልብሱን ሳያየኝ ቦርሳው ውስጥ ከሥር ከትቼለታለሁ። አልጋ ያንጥፉለት።

ምራትዎ